ወተት ያልነካው አይብ

ቀመሪያ የሱብሂ ሶላቷን ጨርሳ መስገጃዋን እያጠፈች ሳለች ከወጥ ቤቱ በኩል የምራቷን የመርዋን ድምፅ ሰማች። ከሶላት በኋላ ተመልሳ የምትተኛ ስለሚመስላቸው ልጇ ሬድዋንና ሚስቱ ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉም ያን ያህል አልተጠነቀቁም፤ የጎፋ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ወዲያኛው ክፍል ሻይ ሲቀዳ እንኳ ያሰማል። ሬድዋን ትንሿ ሲና ሌሊቱን ስታስል እንዳደረች፣ በዚህ በነሐሴ ዝናብ የአራት ዓመት ልጅ ይዞ ወጥቶ ልብስ ስፌት ሱቅ ማዋል ደግ እንዳልሆነ፣ ለዛሬ እንኳ ከአያቷ ጋር እቤት ብትውል ምን አለበት እያለ ነው። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ፤ ቆመ።

«ከእሳቸው ጋር ብቻዋን አልተዋትም» አለች መርዋ።

«እማዬ እኮ ረስታ ነው።»

«እሺ፣ ረስተው ነው» አለች መርዋ። «ቢሆንም አልተዋትም።»

ቀመሪያ መስገጃውን እንዳቀፈች አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሳል ብትል ወይም በሩን ገፋ ብታደርግ ወሬው እዚያው ይቆም ነበር፤ ግን ምንም አላደረገችም። ከዚያ በኋላ የተሰማው የየቀኑ ነው፤ የሲና ቦት ጫማ ወለሉ ላይ ሲንኳኳ፣ የዝናብ ልብሷ ዚፕ፣ የመርዋ «ቶሎ በይ እናቴ» የሚል ልመና። ልትሰናበታቸው ስትወጣ መርዋ ጎንበስ ብላ እንዴት እንዳደረች ጠየቀቻት፣ ዳቦው ተሸፍኖ እንዳለ፣ ሻዩም ፔርሙዝ ውስጥ እንደሆነ ነገረቻት። ሬድዋን የእናቱን ፊት ላለማየት ይመስል ኪሱ ውስጥ ያለውን የመኪና ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ይፈልግ ነበር። ሲና ከዝናብ ልብሷ ቆብ ስር እጇን አወዛወዘች። መርዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሻካራ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ሻይ ይጨመር ወይ፣ መስኮቱ ይዘጋ ወይ፣ እግርዎን ዛሬ እንዴት አደረገዎት እያለች ከጠዋት እስከ ማታ ትጠይቃለች። ቀመሪያን የከበዳት ይኸው ነበር። ብትቆጣት፣ ቤቱን በጩኸት ብትሞላው እሷም አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እንዲህ በትሕትና የተዘጋ በር ግን በምን ይንኳኳል?

ነገሩ የአረፋ ዕለት ነው። ሲና ከተወለደች ጀምሮ ወተት አይስማማትም። ቅቤም፣ እርጎም፣ አይብም ያው ነው፤ ጠብታው ሲነካት ሰውነቷ ይቆጣል፣ ያብጣል። መርዋ ይህን ካወቀች ወዲህ ከወጥ ቤቱ የወተት ዘር አጥፍታለች፣ ስታጠባ ሳለች ራሷም መብላት ትታ እንደተወች ቀርታለች። ቀመሪያ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ከቡታጅራ በኩል በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣ አይብ እየተቀበለች፣ ሲጎድልም ራሷ እየሠራች ለክትፎ ቤቶች ስታከፋፍል የኖረች ሴት ናት። አራት ልጆች ያሳደገችው በአይብ ነው፣ ሬድዋንን የዳረችውም በአይብ ነው። ጉልበቷ እምቢ ብሏት ልጇ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ ወተት ሰውን ይጎዳል የሚለውን ነገር የከተማ ሴት ቅብጠት አድርጋ በልቧ ይዛው ነበር። አረፋ ዕለት እንግዳ ቤቱን ሞልቶት፣ ለትልልቆቹ ብላ በገዛ ድስቷ የሠራችውን ጎመን በአይብ ጓዳ ከልላ ስታቀርብ ሲና መጥታ ቀሚሷን ያዘች። «ለእኔስ?» አለች። ቀመሪያ የጥፍር ያህል አይብ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ አፏ ውስጥ አደረገችላት። «ለማሚ አንነግርም፣ እሺ?» አለቻት። አምስት ደቂቃ አልሞላም። የልጅቷ ከንፈር አበጠ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ፣ ሬድዋን ልጁን ታቅፎ አራት ፎቅ ደረጃ እየዘለለ ወረደ። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ምን እንደበላች ሲጠይቅ፣ ያ ሁሉ ዘመድ ቆሞ እያየ፣ ቀመሪያ «ረሳሁት» አለች።

ሁሉም አመናት። እርጅና ነው፣ ምን ታድርግ አሉ፤ ከወለቴ የመጣችው እህቷማ ለመርሳት በሽታ የሚሆን መድኃኒት አለ ብላ ነገረቻት። ቀመሪያ ግን የዛሬ ሃያ ዓመት አይብ በኪሎ ስንት እንደነበር፣ የትኛው ክትፎ ቤት በሐሙስና የትኛው በቅዳሜ እንደሚቀበላት ዛሬም ቢሆን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ምንም አልረሳችም ነበር። እያወቀች ነው የሰጠቻት።

ዳቦውን አልነካችውም። ቤቱ ሰው ሲወጣለት ዝናቡ ጎልቶ ይሰማል። ከሶፋው አጠገብ የሲና አሻንጉሊት ፊቱን ወደ ምንጣፉ ደፍቶ ተኝቷል፤ አንስታ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓይኗ ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈው ወረቀት ላይ አረፈ። ሐኪሙ ጽፎ የሰጣቸው ነው። ቀመሪያ ቁጥር እንጂ ፊደል እምብዛም ስለማትለይ በየቀኑ ታየዋለች እንጂ አንብባው አታውቅም፤ እንዲነበብላትም ጠይቃ አታውቅም። ወረቀቱን እያየች ሳለ ታች ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሶፊ ትዝ አለቻት። ሶፊ የጾም አይብ ሠርታ ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ስትገናኛት በማንኪያ አቅምሳት ነበር፤ ቀመሪያ ባረክ አላህ፣ ግሩም ነው ብላ እላይ ስትደርስ ወጥ ቤት መታጠቢያው ላይ ተፍታዋለች። ወረቀቱን ከማግኔቱ ስር መዥረጥ አድርጋ አወጣችው፣ አጥፋ ደረቷ ስር ከተተችው፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ዘመን ያስቆጠረውን የአይብ ጣባዋን አንስታ ወረደች።

መብራት ሄዷል። ደረጃው ጨልሞ ስለነበር ግድግዳውን እየዳበሰች ነው የደረሰችው። ሶፊ በሩን የከፈተችው እጅጌዋን እንደሰበሰበች፣ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነው። ለቡ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ሮበሌ ድሮ ላሞቹን እዚያው ለቡ ሜዳ ላይ እያሰማራ ለጎፋ ሰው ወተት በብስክሌት ያመላልስ ነበር፤ መሬቱ ቤት ሲሠራበት ሦስት ላም ቀርቶታል፤ የገዛ ልጁ ከሱፍ አይብ ትሠራለች ሲባል እስኪያስለቅሰው ይስቃል። የሶፊ ቤት አንዲት ክፍልና ወጥ ቤት ናት። አልጋው ላይ ሳይቀር ጎድጓዳ ሳህን ተደርድሯል፤ በአንዱ የተፈለፈለ ሱፍ በውሃ ተዘፍዝፏል፣ በሌላው ካሹ የሚባለው ውድ የለውዝ ዓይነት፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ስንዴ በጠርሙስ ውስጥ አቆጥቁጧል። ከቧንቧው ጋር የታሰረ ነጭ ሻሽ ጠብ ጠብ ይላል። ፍልሰታ ስለሆነ ሁለት ካፌና አንድ ፒዛ ቤት በየቀኑ ይፈልጓታል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ መፍጫው አይሠራምና እንዲህ ቁጭ ብላ ጣሪያ ታያለች።

ቀመሪያ የመጣችበትን ነገረቻት፤ ሁሉንም ሳይሆን፣ ለልጅቷ አይብ መሥራት እንደፈለገች ብቻ። ሶፊ ሳቅ አለች። «እማማ ቀመሪያ፣ ያ ያቀመስኩዎት ግን አልጣመዎትም አይደል? ፊትዎ ያስታውቅ ነበር።»

ቀመሪያ ልትክድ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «ተፋሁት» አለች።

ሁለቱም ሳቁ። ሶፊ እስክታቃስት ሳቀች። ቀመሪያ ከዚያ ሳቅ በኋላ ደረቷ ቀለል ሲላት ተሰማት፤ እንዲህ ያለች ትንሽ እውነት እንኳ ስትወጣ ይህን ያህል ታቀላለች ብላ አላሰበችም። ወረቀቱን ሰጠቻትና እንድታነብላት ጠየቀቻት። ሶፊ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ቀስ ብላ አነበበች። ወተትና የወተት ተዋፅኦ ሁሉ ክልክል ነው። ካሹና ለውዝ ሳትመረመር እንዳይሰጣት ይላል። ሶፊ እዚህ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጣ የካሹውን ሳህን አንስታ ወደ በረንዳ አወጣች፣ ጠረጴዛውን በሳሙና አጠበች፣ እጇን እስከ ክንዷ ታጠበች። ሱፍስ ብላ ጠየቀች። ሱፍ ችግር የለውም አለች ቀመሪያ፤ ሲናና እናቷ እሑድ እሑድ የተቆላ ሱፍ እየፈለፈሉ ምንጣፉን ሁሉ ገለባ ያደርጉታል። ሶፊ ማንበቧን ቀጠለች። የወተት ነገር የነካው ዕቃ፣ ማንኪያ፣ ፎጣ ለብቻው ይሁን ይላል። ቅቤ የተቀባ እጅ ወይም ፀጉር ቆዳዋን ቢነካም ሽፍታ ሊያወጣባት ይችላል ይላል።

ቀመሪያ እጇ ሳታዝዘው ወደ ሻሿ ሄደ። ለራስ ምታቷ ብላ ከልጅነቷ ጀምሮ አናቷን ቅቤ ትቀባለች። ትላንትም ተቀብታለች። ሲና ድሮ አጠገቧ ስትተኛ አንገቷና ጉንጯ እየቀላ ታክክ እንደነበር፣ መርዋም ምንም ሳትል ትራስ እየለየች ታስተኛት እንደነበር አሁን ገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅቷ ስታክክ አልጋው ቁንጫ አለው ስትል ነበር። የመጣችበትን ጣባ አንስታ አሸተተችው። ሺህ ጊዜ ታጥቧል፤ ግን አሁንም የበሰለ ቅቤ ይሸታል። ይህ ሽታ ነበር ቤቷ፣ ሥራዋ፣ ልጆቿን ያሳደገችበት። ጣባውን ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው። «መጣሁ» አለች። ሶፊ ውሃ ላሙቅልዎ ብትላትም አልቆየችም። አራተኛ ፎቅ ወጥታ በቀዝቃዛ ውሃ ፀጉሯን በልብስ ሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበች፣ ሦስተኛ ደገመች፣ ውሃው እየበረዳት ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። አዲስ ሻሽ፣ የታጠበ ቀሚስ ለበሰች። የድሮዎቹን ሻሾች በፌስታል ቋጥራ በረንዳ ላይ አወጣቻቸው።

ስትመለስ መብራቱ እንደሄደ ነው። ሶፊ ሲመጣ እጠራዎታለሁ አለቻት። ቀመሪያ ግን ስንት ሰዓት ይመጣል ብላ ተቀምጣ የምትጠብቅ ሰው አይደለችም፤ ሙቀጫ እንዳላት ጠየቀች። ነበራት፤ ነጭ ሽንኩርት ብቻ የሚወቀጥበት ትንሽ የእንጨት ሙቀጫ። በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቁት። ሱፉ ማታውን ተዘፍዝፎ ስለነበር ጣት ስትጫነው እሺ ይላል። ቀመሪያ አጥቦ ማጥለሉን ራሷ ያዘች፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሙቀጫውን በጉልበቷ መሃል አድርጋ ወቀጠች። ሶፊ ከጎኗ ቆማ ስለዚህ አይብ አስተማረቻት። እሳት አያይም፤ ምኑም አይሞቅም፣ አይፈላም። ያቆጠቆጠው ስንዴ የተቀመጠበት ውሃ ሦስት ቀን ሲሆነው ኮምጠጥ ይላል፣ አይብነቱን የሚያመጣው እሱ ነው፤ ሎሚና ጨው ይከተላል። ቀመሪያ አሬራን እሳት ላይ ጥዳ አይቡ ከአጓቱ እስኪለይ ስትጠብቅ ዕድሜዋን ያሳለፈች ናትና እሳት ሳያይ አይብ የሚባል ነገር ሊገባት አልቻለም። አንገቷን ብትነቀንቅም መውቀጧን አላቋረጠችም።

ልዩነቱ የታየው ሻሹ ውስጥ አድርገው ሲጨምቁት ነው። የሶፊ መፍጫ ሱፉን አልሞ እንደ ቅባት ያደርገዋል፤ ዳቦ ላይ ይቀባል እንጂ አይፈረፈርም። በሙቀጫው የተወቀጠው ግን ፍሬ ፍሬው ገና አልጠፋም ነበር። ቀመሪያ ሻሹን አጥፋ ጠመዘዘችው፣ ነጭ ውሃ ወረደ፣ እንደገና ጠመዘዘችው፤ ከዚያ ከቧንቧው ላይ ሰቅላ ሁለት ሰዓት ተወችው። በመሃል ሶፊ ሻይ አፈላች፣ ስለ ዋጋ አወሩ። ካሹ በኪሎ ሁለት ሺህ ብር አልፏል፣ ሱፉ ግን ከመቶ ሰማንያ አይበልጥም፤ ፒዛ ቤቱ ከካሹ የተሠራውን ይፈልጋል፣ ሒሳብ ሲከፍል ግን የሱፉን ዋጋ ይቆርጣል። ቀመሪያ ክትፎ ቤቶችም እንዲሁ እንደነበሩ ነገረቻት፣ ሚዛኑን ራስሽ ያዢ፣ በእነሱ ሚዛን አትመዝኚ አለቻት። ዙሁር ሲደርስ ሶፊ ንፁህ ነጠላ አነጠፈችላት፣ ቀመሪያም በረንዳው አጠገብ ሰገደች። ሻሹ ሲፈታ ቀመሪያ ጣቷን አስገባች። ጣቷ ዓይን ነበረው፤ አይብ ውሃውን ጨርሶ መስጠቱን ያወቀችው ሁልጊዜ በጣቷ ነው። ፈረፈረችው። ተፈረፈረ። ኮረሪማ ወቅጣ ነሰነሰችበት፣ ጤና አዳም ከሶፊ የአበባ ማሰሮ ቀጥፋ ጨመረችበት፣ ትንሽ ቀመሰች።

«አይብ አይደለም» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ግን ምኑም አይጣልም» አለች። ሶፊ በማንኪያ ወሰደች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከነገ ጀምሮ መፍጫውን ልሸጠው ነው አለች።

ቀመሪያ ከሥር ካለው ሱቅ መክደኛ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በመቶ ሃያ ብር ገዛች። በመጠቅለያው እንዳለ ለሶፊ ሰጥታ አሳጠበችው። ጃንጥላ ይዛ ወደ ለቡ የሚሄደውን ታክሲ ስትሳፈር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ታክሲው ውስጥ መስኮቱ ላብ ለብሶ ምንም አይታይም፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ዕቃውን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ በልቧ የምትናገረውን ደረደረች። መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ፣ ከዚያ በምን እንደተወቀጠ፣ ከዚያ በምን እንደተጨመቀ። ይኼን ብቻ ነግሬ ብመለስስ ብላ አሰበች። መርዋ ደግ ናት፤ ይህን ያህል ደክመው ነው ትላለች፣ ቀስ በቀስ ሁሉም ይረሳል። ታክሲው ጉድጓድ ሲገባ ዕቃውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

የመርዋ ሱቅ ለቡ መብራት ኃይል፣ ከዋናው መንገድ አንድ ገባ ብሎ፣ ሁለት የስፌት መኪና አጣቦ የሚይዝ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ለሠርግ የታዘዘ ቢጫ ሐር ተሰቅሏል። ሲና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ የተቆራረጠ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ፣ ለራሷ እያወራች ክር ትጠቀልላለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። መርዋ አማቷን በር ላይ ቆማ ስታያት መኪናውን አቆመች፣ ፊቷ ተለወጠ። ምን ሆነ አለች። ምንም አልሆነም አለች ቀመሪያ፣ ተቀምጣ ትንፋሿን ከመለሰች በኋላ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሲና ከሥር ብቅ ብላ አየችው፤ መርዋ ወዲያው በእጇ መለሰቻት።

ቀመሪያ እንዳሰበችው አንድ በአንድ ተናገረች። መርዋ ስታዳምጥ መርፌውን በጣቶቿ መሃል እንደያዘች ነበር፤ ጠየቀችም። ሙቀጫው የማን ነው? ቀድሞ ምን ነክቶታል? ሻሹስ? የሶፊ ቤት ወተት ይገባል ወይ? ካሹው የት ነበር? ቀመሪያ አንዱንም ጥያቄ አልተቀየመችም፤ መልስ እያላት ስትመልስ እንዲያውም ደስ አላት። መርዋ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ ትንሽ ጎንበስ አለች። «ፀጉርዎን ታጥበዋል» አለች። «በዚህ ብርድ?»

መርዋ መክደኛውን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ማንኪያ አልነበረምና በጣቶቿ ቆንጥራ ራሷ ቀመሰች። ረጅም ጊዜ አኘከችው። እሷም የቡታጅራ ልጅ ናት፤ አራት ዓመት ከስድስት ወር እንዲህ ምላሷ ላይ የሚፈረፈር ነገር አልቀመሰችም። ሁለተኛ ቆነጠረች። ኮረሪማው ደርሶ ፊቷ ሲላላ ቀመሪያ አየችው። አሁን ዝም ብትል ነገሩ ያልቃል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ሲና ጠረጴዛው ሥር ሆና ታስላለች።

«መርዋ» አለች ቀመሪያ። «የአረፋ ዕለት አልረሳሁም ነበር። እያወቅኩ ነው የሰጠኋት። ትንሽ ምን ያደርጋታል ብዬ ነው። የናንተን ነገር አላመንኩም ነበር።» የዕቃውን መክደኛ ወደ ራሷ ሳበችው። «ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ፈራሁና ዋሸሁ።»

መርዋ ጣቷ ላይ የቀረውን አይብ በጨርቅ ጠረገች። ቀስ ብላ ነው የጠረገችው፣ ጨርቁንም አጥፋ አስቀመጠችው። «አውቃለሁ» አለች።

ቀመሪያ ቀና አለች።

«ሲና ነግራኛለች። ሆስፒታል፣ አፏ ላይ ያደረጉት ጭንብል ሲነሣላት መጀመሪያ የነገረችኝ እሱን ነው። ለማሚ አንነግርም ብላኛለች አለችኝ።» መርዋ ይህን ስትል አልተቆጣችም፤ ደክሟት የቆየች ሰው ነበር የምትመስለው። «ለሬድዋን አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ሰው ሁሉ ይሳሳታል እማማ፣ እኔም በሕፃንነቷ ብስኩት ሰጥቻት አንድ ሌሊት አስጨንቄያታለሁ። ግን ረሳሁ ያለ ሰው ነገም ይረሳል። እንዴት አድርጌ ልተዋት? እስኪነግሩኝ ነበር የምጠብቀው።»

ቀመሪያ ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። ሁለት ወር ሙሉ እውነቷን ደብቃ ስትኖር ይህች ልጅ ደግሞ የእሷን ገበና ደብቃላት ኖራለች። ሁሉም በየማታው አንድ ማዕድ ሲቀርቡ፣ ሬድዋን እናቴ ረስታ ነው እያለ ሲሟገትላት፣ መርዋ ቁጭ ብላ እሺ፣ ረስተው ነው ትል ነበር። ጠዋት ግድግዳው ያሰማትን ቃል ፍቺ አሁን ነው ያወቀችው። ማታ ለሬድዋን እኔው እነግረዋለሁ አለች። መርዋ ራሷን ነቀነቀች፤ እርስዎ ይንገሩት፣ እኔም አጠገብዎ እቀመጣለሁ አለቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥንቃቄ ነው የሆነው። መርዋ ቦርሳዋን ከፍታ ማንኪያ አወጣች፣ የሲና ብቻ የሆነች፣ እጀታዋ ላይ ዓሣ ያለባት። ልጅቷን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። በመጀመሪያ የጤፍ ያህል ከንፈሯ ውስጥ ነካ አደረገችላትና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረች። ቀመሪያም አየች። ሁለቱም አልተናገሩም። ሲና እግሯን እያወዛወዘች ቢጫው ሐር የማን እንደሆነ ጠየቀች፣ የሙሽራ ነው ተባለች፣ ሙሽራዋ ቢጫ ትወዳለች ወይ አለች። ሩብ ሰዓት አለፈ። ከንፈሯ ያው ነው። መርዋ ግማሽ ማንኪያ ሰጠቻት፣ እንደገና ሰዓቱን አየች። ሲና አላመጠች፣ አሰበች። «ጨው አንሶታል» አለች። ቀጥላ ደግሞ አፏን ከፍታ ጠበቀች።

ቀመሪያ ሳቋ አመለጣት። በሚቀጥለው ጨው እጨምርልሻለሁ አለቻት፤ «በሚቀጥለው» የሚለውን ቃል ከአፏ ካወጣች በኋላ መርዋን አየቻት። መርዋ ግን ቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች ነበር። ትንሽ የመድኃኒት ቦርሳ አወጣችና ዚፑን ከፈተች፣ ጠርሙሱን ከመለኪያው ጋር አማቷ ፊት አስቀመጠች። ከንፈሯ ካበጠ ወይም ካሳከካት ይኸኛውን ይስጧት፣ እስከዚህ መስመር ድረስ ብላ በጥፍሯ አሳየቻት። ትንፋሿ ካፏጨ ግን መድኃኒቱን ሰጥተው አይጠብቁ፣ እዚህ ጎን ያለውን ጎረቤት ይጥሩት፣ ባጃጅ አለው፣ ለእኔም ይደውሉ። ቀመሪያ ቁጥር ታነባለችና መስመሩ ላይ ያለውን አምስት ቁጥር በጣቷ ነክታ ደገመችላት፤ መርዋ እንደገና ይድገሙልኝ አለቻት፣ እንደገና ደገመችላት።

መርዋ ሻሿን አስተካክላ ጃንጥላውን አነሣች። ለቢጫው ቀሚስ ቁልፍ አልቆብኛል፣ ገዝቼ ልምጣ አለች። ሲና ልከተልሽ አላለችም፤ የአያቷ ጉልበት ላይ ወጥታ እርጥቡን ፀጉሯን በእጇ ዳሰሰች፣ ዛሬ ሳሙና ትሸቻለሽ አለቻት። መርዋ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወጣች።

ቁልፍ የሚሸጥበት ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ከወንበሩ ላይ ሆኖ በሩ ይታያል። መርዋ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየች። ስትመለስም አንድም ቁልፍ አልያዘችም ነበር።